እንግሊዝኛ ብቻ አይበቃም፦ ስለ ካናዳ ድርድር ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የምክር ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አየሁ። ከኢትዮጵያ ወደ ካናዳ ዕቃ ለሚልኩና እዚህ ንግድ ለመክፈት ለሚያስቡ ወገኖች የተጻፈ ነው። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። አንዷ «የማሸጊያዬን ሌብል ላሳትም ነው፣ እኚህ ሰውዬ ያሉት ልክ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በስልክ መመለስ ጀመርኩ። ነገሩ አላልቅ ሲለኝ ልጻፈው አልኩ።

ጸሐፊው ቅን ሰው እንደሆኑ አጻጻፋቸው ይናገራል። ቀጠሮ አክብሩ ይላሉ። በቃል የተስማማችሁትን በዚያው ቀን በኢሜይል አረጋግጡ ይላሉ። ትክክል ናቸው፣ እኔም ለማውቀው ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። ችግሩ ዋና ዋናዎቹ ምክሮች ላይ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላሉ፦ ካናዳ የሁለት ቋንቋ አገር ስለሆነች ሁሉም ሰው ሁለቱንም ይችላል፣ ስለዚህ እንግሊዝኛ ይበቃል። ፈረንሳይኛ የሚነገርባት የኩቤክ ግዛት ትንሿ ፈረንሳይ ናት። ካናዳዊ «እምቢ» ማለት ስለማይወድ ፈገግ ካለ ተስማምቷል ማለት ነው። የመጀመሪያ ዋጋ ምንጊዜም የተጋነነ ስለሆነ እንደ መርካቶ ከግማሽ ጀምሩ። ሕጉ በመላ አገሪቱ አንድ ነው፣ ቀብድ ከተቀበላችሁ ነገሩ አልቋል።

እኔ ኩቤክ ውስጥ ያለችው ሞንትሪያል ከገባሁ 12 ዓመቴ ነው። ጥሬ ቡና በሚያስመጣ ትንሽ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ላኪዎችም አስተረጉማለሁ። የምናገረው ከዚያ ተነስቼ ነው። የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ የቋንቋው ነገር። ብዙ የምቆየውም እዚህ ላይ ነው።

በ1969 የወጣው የካናዳ ሕግ እንግሊዝኛንና ፈረንሳይኛን እኩል ይፋዊ ቋንቋ አድርጓል። ግን ማንን ነው ያስገደደው? የፌዴራሉን መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው። ዜጋው በመረጠው ቋንቋ እንዲስተናገድ መብት ሰጠው እንጂ ሁለቱንም ቻል አላለውም። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ በሁለቱም ቋንቋ መነጋገር እችላለሁ ያለው ሰው 18 በመቶ ብቻ ነው። ኩቤክ ውስጥ ቁጥሩ 46.4 በመቶ ይደርሳል። ከኩቤክ ውጭ 9.5 በመቶ ነው። ካልጋሪ ላይ ፈረንሳይኛ ብትናገሩ የሚመልስላችሁ ለማግኘት ትቸገራላችሁ። ከሞንትሪያል ርቃችሁ ሳግኔ ብትሄዱ ደግሞ እንግሊዝኛችሁ ብዙ አያራምዳችሁም።

ግዛቶቹም አንድ አይደሉም። የኩቤክ ይፋዊ ቋንቋ ከ1974 ጀምሮ ፈረንሳይኛ ብቻ ነው። በ1977 ደግሞ ሰዉ «ሕግ 101» የሚለው የፈረንሳይኛ ቋንቋ ቻርተር ወጣ። በይፋ የሁለት ቋንቋ የሆነችው ግዛት አንድ ብቻ ናት፣ ኒው ብረንስዊክ። ኦታዋ ላይ ቆማችሁ ድልድዩን ብትሻገሩ ጋቲኖ ገባችሁ፣ ኩቤክ ነው። በእግር የሚሄዱት መንገድ ነው። ግን የማስታወቂያው፣ የሠራተኛውና የውሉ ቋንቋ ሕግ ተቀይሯል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ፌዴራል መሥሪያ ቤት ጉዳዩን በአማርኛ የጨረሰ ሰው ኦሮሚያ ወረዳ ሲሄድ ደብዳቤው በአፋን ኦሮሞ እንደሚጻፍ ያውቃል። ካናዳም ላይ ያንኑ ልብ ብንል ብዙ ገንዘብ ይተርፈናል።

ገንዘብ ያልኩት በምክንያት ነው። አንድ የማውቃት እህት በርበሬና ሽሮ አሽጋ ለመሸጥ ተነሳች። ከረጢቱን አዲስ አበባ አሳተመችው። በእንግሊዝኛና በአማርኛ፣ በጣም ያማረ ሥራ ነበር። እንግሊዝኛ ይበቃል ያላት ሰው ነበረ፣ ልክ እንደ ጸሐፊው። ዕቃው ሞንትሪያል ደረሰ። ሱቁ ገልብጦ አየና «ፈረንሳይኛው የት አለ?» አላት። አንድም ከረጢት መደርደሪያ ላይ አልወጣም። ፈረንሳይኛውን በተለጣፊ አሳትመን ምድር ቤቷ ውስጥ እየተቀመጥን ስንለጥፍ ከረምን። ልጆቿ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ይለጥፋሉ፣ እኛ ከሥራ ስንወጣ እንለጥፋለን። የዚያን ክረምት ትርፏ በሙሉ እዚያ ተለጣፊ ላይ ቀረ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባል የለ።

ደግሞ ይህ የኩቤክ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። ታሽጎ የሚሸጥ ምግብ ላይ ያለው አስገዳጅ ጽሑፍ በሁለቱም ቋንቋ መሆን ያለበት በፌዴራል ሕግ ነው። ከጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች በቀር ለቶሮንቶም ለኤድመንተንም ይሠራል። ኩቤክ ላይ የሚጨመረው ሌላው ቋንቋ ከፈረንሳይኛው በልጦ እንዳይታይ ነው። አለርጂ የሚያስነሱ ነገሮችም በሁለቱም ቋንቋ ይጻፋሉ። ሰናፍጭና ሰሊጥ ካናዳ ውስጥ ከዋናዎቹ አለርጂዎች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። እኛ ቤት ሁለቱም የየዕለት ነገር ስለሆኑ ልብ አንላቸውም። አማርኛውን ግን አታውጡት። ከሁለቱ ጎን መጻፉን የሚከለክል የለም።

ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ለምትከፍቱም እንዲሁ ነው። ኩቤክ ውስጥ ከጁን 2025 ጀምሮ በውጭ በሚታይ ማስታወቂያ ላይ ፈረንሳይኛው ከሌላው ቋንቋ ሁለት እጥፍ ቦታ መያዝ አለበት። ከዚያው ወር ጀምሮ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ፈረንሳይኛን የሥራ ቋንቋ የማድረግ ሂደት ውስጥ ይገባል። ቀድሞ ይህ ግዴታ የሚጀምረው ከ50 ሠራተኛ ነበር። ይህን ያመጣው በ2022 የጸደቀው «ሕግ 96» የሚባለው ነው። ስለ ውልም የሚለው አለ፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ጸሐፊው ይህን ሁሉ የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ግትርነት አድርገው ነው ያዩት። እዚህ ላይ በእውነት አዘንኩ። ኩቤክ ውስጥ ወደ 9 ሚሊዮን ሰው ይኖራል። በዙሪያው ካናዳና አሜሪካ ተደምረው ከ300 ሚሊዮን በላይ በእንግሊዝኛ የሚኖር ሕዝብ አለ። ሕዝቡ ፈረንሳይኛውን ሥራ ቦታ ላይ ካጣ ቤት ውስጥም እንደሚያጣው ያውቃል። ይህን ስሜት ከእኛ በላይ ማን ይረዳዋል? ቅዳሜ ጠዋት ልጁን ከእንቅልፍ ቀስቅሶ ፊደል ሊያስቆጥር የሚወስድ ወላጅ እኮ ነን። ልጁ በአማርኛ ተጠይቆ በእንግሊዝኛ ሲመልስ ሆዳችን የሚባባ ሰዎች ነን። እንግዲህ ያንን ስጋት አንድ ሙሉ ሕዝብ ተሸክሞት ስታዩ ግትርነት አትበሉት። ይህን የተረዳ ሰው ድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሁኔታው ሁሉ ይለያል። ያስታውቅበታልም።

የንግግሩ መክፈቻ ሰላምታ ነው። ጸሐፊው በቀጥታ በእንግሊዝኛ ጀምሩ ይላሉ። አይሆንም። በኖቬምበር 2017 የኩቤክ ምክር ቤት ነጋዴዎች ደንበኛን በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ደርበው «ቦንዡር-ሃይ» ማለት ትተው «ቦንዡር» ብቻ እንዲሉ የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ በሙሉ ድምፅ አሳልፏል። አስገዳጅ ሕግ አይደለም። ግን ለአንድ የሰላምታ ቃል ምክር ቤት ከተሰበሰበ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ይገባችኋል። በ2021 ደግሞ የኤር ካናዳ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ማይክል ሩሶ በሞንትሪያል ንግድ ምክር ቤት መድረክ ንግግር አደረጉ፣ ከሞላ ጎደል በእንግሊዝኛ። ጋዜጠኞች ሲጠይቋቸው 14 ዓመት ሞንትሪያል የኖሩት ፈረንሳይኛ ሳይናገሩ እንደሆነ ገለጹ። አገሩ ተንጫጫ። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቁ፣ ቋንቋውን ለመማርም ቃል ገቡ። ትልቅ ድርጅት የሚመራ ሰው እንዲህ ከሆነ ናሙና ይዞ የመጣ አዲስ ሻጭ ምን ይሆናል?

እኔ ለላኪዎች የማስተምራቸው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። «ቦንዡር። ፈረንሳይኛዬ ደካማ ነው፣ በእንግሊዝኛ ብንቀጥል ይፈቅዱልኛል?» ይህችን በፈረንሳይኛ በቃላችሁ ያዙ። ሞንትሪያል ላይ አብዛኛው ነጋዴ ያን ጊዜ ራሱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ፈቃድ ተጠይቆ መዞርና ሳይጠየቅ መገፋት አንድ አይደሉም። ቤት ስትገቡ «እንዴት ዋላችሁ» ሳትሉ ወደ ጉዳዩ ብትገቡ እናታችሁ ምን እንደምትል አስቡት።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፣ ኩቤክ ትንሿ ፈረንሳይ ናት ወደሚለው። በዚህ ጉዳይ እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። ፈረንሳይኛ የተማርኩት አዲስ አበባ ነው፣ የፈረንሳዩን። በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ሰው «ሐሙስ ዲኔ እንብላ» ብሎ ጻፈልኝ። ዲኔ እኔ በተማርኩት እራት ነው። ቀሚሴን ተኩሼ፣ ናሙናዬን ይዤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ደረስኩ። በሩ ተዘግቷል። ለካ ኩቤክ ውስጥ ዲኔ ምሳ ነው። እራቱ «ሱፔ» ነው። ቁርሱ ደግሞ «ደዥኔ» ይባላል፣ ፈረንሳዮቹ ምሳ የሚሉበት ቃል። ሰውዬው ቀን ላይ ለሁለት ሰው ጠረጴዛ ይዞ፣ ሌላ ቀጠሮውን ሰርዞ ጠብቆኛል። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ተቀበለኝ። ሥራው ግን ለሌላ ሰው ሄዶ ነበር። ስለዚህ ለምግብ ስትጋበዙ ሰዓቱን በቁጥር ጠይቁ። እነሱ በ24 ሰዓት ነው የሚጽፉት፣ እኛ ደግሞ ከጠዋቱ 12 የምንጀምር ሰዎች ነን። ከመጠየቅ የሚጎዳ የለም።

የአንተና የእርስዎ ነገርም አለ። ፈረንሳይኛ እንደ አማርኛ ሁለቱን ይለያል፣ «ቱ» እና «ቩ» ይላል። ጸሐፊው በፈረንሳይ ልማድ ለወራት በ«ቩ» ቆዩ ይላሉ። ኩቤክ ግን ቶሎ ወደ «ቱ» ይገባል። አንድ ጊዜ በዕድሜ የገፉ ላኪ ይዤ ሄድኩ። ሊሴ ገብረማርያም የተማሩ ናቸው፣ ፈረንሳይኛቸው ከእኔ ይሻላል። ገዢው 30 ዓመት ቢሞላው ነው። ገና ቡናው ሳይቀዳ «ቱ» አላቸው። ወደ እኔ ዞር ብለው በአማርኛ «አንቺ፣ ይሄ ልጅ አንተ አለኝ እኮ!» አሉኝ። ፊታቸው ጠቆረ። «ጋሼ፣ እዚህ ንቀት አይደለም፣ ቀረብኩዎት ማለቱ ነው» አልኳቸው። እሳቸው በ«ቩ» ቀጠሉ፣ ልጁም ወዲያው ገብቶት ወደ «ቩ» ተመለሰ። ሁለቱም አልተከፉም። ምክሬ ይኼው ነው። በ«ቩ» ጀምሩ። እነሱ ሲለውጡ ለውጡ። ካልተመቻችሁ ባላችሁበት ቆዩ።

ስምን በተመለከተ ደግሞ ጸሐፊው ያገባችን ሴት በባሏ ቤተሰብ ስም ጥሯት ብለዋል። ኩቤክ ላይ ይህ ስህተት ነው። ከ1981 ጀምሮ ኩቤክ ውስጥ ያገባች ሴት በሕግ የምትጠራው በተወለደችበት ስም ነው። እዚህ ላይ ከእኛ ጋር አንድ ናቸው። እኛ ዘንድ ሴት አግብታ የአባቷን ስም አትለቅም። የሚያውቁትን ደግሞ መርሳት አያስፈልግም። ለሰላምታ ጉንጭ መሳሳሙን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ የመጀመሪያ ቀን እጅ መጨባበጥ ይበቃል።

«ፈገግ ካለ ተስማምቷል» የሚለው ብዙ ላኪ ያከሰረ እምነት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ካናዳዊ «ኢንተረስቲንግ» ሲላችሁ «ሰምቻለሁ» ማለቱ ነው። «አስቤበት እመለስልሃለሁ» ካለ ላይመለስ ይችላል። «ሶሪ» ደግሞ እግሩን የረገጣችሁትም እናንተ ሆናችሁ የሚናገራት ቃል ናት፣ ጥፋት አመነ ብላችሁ እንዳትይዙት። እኛስ? «እሺ» የምንለው ሁልጊዜ ስንስማማ ነው? «እሺ፣ እናያለን» ብለን ያሰናበትነውን ሰው ቁጥር እናውቀዋለን። ጨዋነታቸው ከእኛ ጨዋነት የራቀ አይደለም። ለይሉኝታ ሲሉ ፊት ለፊት አያስቀይሟችሁም።

ስለዚህ ፈገግታውን ትታችሁ ቀኑን ጠይቁ። ናሙናውን የሚቀምሰው ማነው? መቼ? መልሱ የሚሰጠው በየትኛው ቀን ነው? የፈለገ ሰው ቀን ይሰጣል። ያልፈለገ ሰው ሌላ ምስጋና ይጨምርላችኋል። ኩቤኮቹ ጋ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነገር አለ። ቡናችሁን ቀምሶ «ፓ ፒር» ካላችሁ ቃል በቃል «የባሰ አይደለም» እንደማለት ነው። አንዱ ላኪ ይህን ሰምቶ ተናደደና ወዲያው ዋጋ ቀነሰ። እዚህ «ፓ ፒር» ማለት «ደህና ነው፣ ጥሩ ነው» ማለት ነው። ሰውዬው ሊገዛ ነበር፣ በቀነሰውም ገዛው። ዝምታንም እንዲሁ አትፍሩ። ዋጋ ተናግራችሁ ገዢው ዝም ካለ እያሰበ ነው። ዝምታውን በቅናሽ አትሙሉት።

ከግማሽ ጀምሩ ስለሚለው ምክር የቡናውን ልናገር፣ የማውቀው እሱን ነው። ጥሬ ቡና የሚገዛ ሰው የኒው ዮርክን ገበያ ዋጋ ስልኩ ላይ ያያል። ለአንድ ፓውንድ ክብደት፣ በአሜሪካ ሳንቲም። የሚደራደረው ከዚያ በላይ ለጥራቱና ለአካባቢው በሚጨመረው ላይ ነው። ይርጋጨፌ ይዛችሁ መጥታችሁ እጥፍ ብትጠሩ ገበያውን አታውቁም ወይም እሱ አያውቅም ብላችኋል ብሎ ይይዘዋል። ሁለቱም አይጠቅሟችሁም። ስትገዙም እንዲሁ፣ ማሽን ሻጭ የጻፈላችሁን ዋጋ ግማሽ ብትሉት ብዙዎቹ ቀልድ ይመስላቸዋል፣ ከዚያ ኢሜይል አይመልሱም። ዋጋ አይከራከሩም ማለቴ ግን አይደለም። የሚከራከሩት በምክንያት ነው። ብዛት ጨምሩ፣ የመክፈያውን ቀን አሳጥሩ፣ ማጓጓዣውን ማን እንደሚችል አንሱ። ያኔ ዋጋው ይንቀሳቀሳል።

ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ነገር አለ፣ እሱም ከቅናሹ በላይ ገንዘብ ይበላል። ቁጥር አጻጻፍ ነው። በእንግሊዝኛ 1,250 ብትጽፉ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው። በፈረንሳይኛ ግን ኮማው የነጥብን ቦታ ስለሚይዝ አንድ ከሩብ ተብሎ ሊነበብ ይችላል። የዶላር ምልክቱም በፈረንሳይኛ ከቁጥሩ በኋላ ነው የሚመጣው። ቀኑም ያምታታል፣ 03/04 ማርች 4 ነው ወይስ ኤፕሪል 3? ካናዳ ውስጥ ሁለቱም ይጻፋል። እኛ ደግሞ የራሳችንን አቆጣጠር ጨምረንበት መጣን። ወሩን በፊደል ጻፉ። ሺህን በኮማ ሳይሆን ክፍት ቦታ በመተው ለዩ። «ዶላር» ሲባልም የካናዳ ይሁን የአሜሪካ በጽሑፍ ይግባ። ጅቡቲ ላይ የሚረከብ ቡና በአሜሪካ ዶላር ሲነገር የኖረ ላኪ እዚህ ያለ ገዢ «ዶላር» ሲል የካናዳውን ማለቱ ሊሆን እንደሚችል አይታየውም። ልዩነቱ የዓመት ትርፍ ነው።

አሁን ወደ ውሉ። ሕጉ አንድ ነው የሚለው ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው።

ኦንታሪዮን ጨምሮ ሌሎቹ ግዛቶች የውል ጉዳይን የሚዳኙት ከእንግሊዝ በመጣው፣ በፍርድ ቤት ውሳኔ በሚዳብረው ሕግ ነው። ኩቤክ ግን የፍትሐ ብሔር ሕግ መጽሐፍ አላት፣ አሁን ያለው በ1994 ሥራ ላይ የዋለው ነው። እዚህ ላይ ለእኛ አንድ ጥሩ ነገር አለ። የኢትዮጵያ የ1960 የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በእኛ አቆጣጠር የ1952ቱ፣ የተረቀቀው በፈረንሳዊው ምሁር በሬኔ ዳቪድ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ሕግ የተማረ ሰው የኩቤክን ውል ሲያይ የሚያውቀው ቤት የገባ ያህል ይሰማዋል። «ቅን ልቦና» የሚለው የእኛ ሕግ ቃል እዚያም አለ። የኩቤክ ሕግ ቁጥር 1375 ተዋዋዮች ግዴታው ሲወለድም ሲፈጸምም በቅን ልቦና እንዲሠሩ ያዛል። ይህ ድርድሩንም ይነካል። ሌላውን ወገን ወራት አስለፍታችሁ፣ ተስፋ ሰጥታችሁ፣ ያለ ምክንያት ብታቋርጡ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ቶሮንቶ ላይ በድርድር ወቅት እንዲህ ያለ አጠቃላይ ግዴታ የለም። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ተዋዋዮች ውሉን ሲፈጽሙ በሐቀኝነት መሆን አለበት ብሎ ወስኗል። ያ ግን ውል ካለ በኋላ ነው።

ቀብዱን ግን ልብ በሉ። እኛ ዘንድ ቀብድ ውል መኖሩን ያሳያል። የሰጠው ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ይህ በሕጋችን ያለ፣ ደላላውም የሚያውቀው ነው። ኩቤክ ላይ ለሽያጭ ቃል ኪዳን የተከፈለ ገንዘብ በቁጥር 1711 መሠረት የዋጋው ቅድሚያ ክፍያ ነው ተብሎ ይገመታል፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር። እጥፍ መመለስ የሚባል ነገር በራሱ አይመጣም። በቀብድ ተማምኖ ሌላ ገዢ የመለሰ ሰው አውቃለሁ፣ ገዢው ሲያፈገፍግ በእጁ የቀረ ነገር አልነበረም። የፈለጋችሁት እንደ አገር ቤቱ ቀብድ ከሆነ ውሉ ውስጥ ቃል በቃል ይጻፍ። ውሉን የሚዳኘው የየትኛው ግዛት ሕግ እንደሆነም እንዲሁ።

የውሉ ቋንቋስ? ሁለታችሁ ተደራድራችሁ አንቀጽ በአንቀጽ የጻፋችሁት ውል በተስማማችሁበት ቋንቋ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ወገን አዘጋጅቶ «ፈርም» ብሎ የሚሰጠው፣ መደራደሪያ የሌለው ውል ግን ኩቤክ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ መጀመሪያ የፈረንሳይኛው ቅጂ መሰጠት አለበት። እንግሊዝኛውን መምረጥ የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው። ከኩቤክ ውጭ ካለ ሰው ጋር ለሚደረግ ግንኙነትና ለሌሎችም የተለየ ድንጋጌ ስላለ የእናንተ ጉዳይ የት እንደሚወድቅ የኩቤክ ጠበቃ ይንገራችሁ። የቶሮንቶ ጠበቃ አይደለም። ሕንጻ ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ኖታሪውን አትናቁ። ኩቤክ ውስጥ ኖታሪ የሕግ ባለሙያ ነው፣ ቤት የሚያዝበት የብድር ሰነድ ያለ እሱ አይጸናም። ለውልና ማስረጃ ወረፋ የተሰለፈ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ስለ ስጦታ ጸሐፊው የጻፉት አንድ መስመር ነው፣ የእኔም ያንኑ ያህል ነው። ለገዢ የተቆላ ቡና መስጠት ደስ ይላል፣ ከስምምነቱ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ለመንግሥት ሠራተኛ ግን ምንም አትውሰዱ።

የቀን መቁጠሪያውን ደግሞ ከመብረራችሁ በፊት እዩ። ጁን 24 ኩቤክ ዝግ ነው፣ ብሔራዊ በዓላቸው ነው። ጁላይ 1 የካናዳ ቀን ሲሆን ሞንትሪያል ውስጥ ግን ብዙ ሰው ቤት የሚቀይርበት ቀን ነው። የጁላይ የመጨረሻ ሁለት ሳምንት የግንባታ ሠራተኞች ዕረፍት ስለሆነ ሌላውም ሰው አብሮ ይወጣል። ትኬት ቆርጠው በዚያ ሳምንት መጥተው ሆቴል ውስጥ ተቀምጠው የተመለሱ አሉ።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ጽሑፋቸው ብዙ ሰው ጋ ደርሷል፣ የእኔ ያን ያህል ላይደርስ ይችላል። ሌላውን ቢተዉትም ሁለቱን ቶሎ ያርሙልን፣ የሌብሉንና የቀብዱን። ሰዉ በእነዚህ ላይ ገንዘብ እያወጣ ነው። ሌብሉን ላሳትም ነው ያለችኝን እህት ማተሚያ ቤቱ እስከ ዓርብ ጠብቆላታል። ፈረንሳይኛውን ዛሬ ማታ አብረን እንጽፋለን።